ዳቦውን የጠየቁት እዚያው ሜዳ ላይ ነው

«ዳቦና ትርዒት» የምትለው አባባል የሮማዊው ገጣሚ የዩቬናል ናት። ሕዝቡ ድሮ ሹም ይሾም ነበር፣ ዛሬ ሆዱ ከሞላና የሠረገላ ውድድር ካየ ሌላ አይፈልግም ብሎ ሲያሽሟጥጥ የወረወራት ነች። እኛም ጋ የኳስ ወሬ ሲደምቅ አንዱ ብድግ ብሎ ይጠቅሳታል። እኔ ግን ዩቬናል ግማሹን ብቻ ነው ያየው ባይ ነኝ።

በሮም፣ በፓላታይንና በአቬንታይን ኮረብቶች መካከል የተዘረጋው የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ፣ ሰርከስ ማክሲመስ፣ 600 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የጥንት ጸሐፊዎች የሚይዘውን ሕዝብ ከ150 ሺህ እስከ 250 ሺህ ያደርሱታል፤ ኮሎሲየም ከነዝናው ከ50 ሺህ ብዙም አይዘልም። አሥራ ሁለቱ በሮች ባንዴ ሲከፈቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት አራት ፈረስ የሚጎተቱት ሠረገሎች ሰባት ዙር ለመሮጥ ይፈተለካሉ። ነጂው ዛቡን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በሰውነቱ ክብደት ጭምር ነው የሚነዳው። ከተገለበጠ ፈረሶቹ መሬት ለመሬት ይጎትቱታል፤ ስለዚህ ዛቡን የሚቆርጥበት ቢላዋ ይታጠቃል፣ ጊዜ ካገኘ። ከ2,000 ጊዜ በላይ ያሸነፈው ስኮርፐስ በሃያዎቹ ዕድሜው ተቀጨ። ዲዮክለስ ግን 1,462 ጊዜ አሸንፎ፣ ከ35 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) በላይ ሰብስቦ፣ በ42 ዓመቱ በሰላም ጡረታ ወጣ።

ነጂዎቹ እንደ ቡድናቸው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እየተባለ በቀለም የተለየ ልብስ ይለብሱ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ትንሹ ፕሊኒ ደጋፊውን ይንቀዋል፦ የሚወደው ጨርቁን ነው፣ ነጂዎቹ ውድድሩ መሃል ቀለም ቢለዋወጡ እሱም አብሮ ይገለበጣል ይላል። አልተሳሳተም። ማልያ ለብሶ የሚጣላ ሰው ያየ ይረዳዋል።

ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ነበር የሚቀመጠው። ተራው ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሊጮህበት የሚችል ሌላ ቦታ ከቶ የት ነበረው? በካሊጉላ ዘመን ተመልካቹ ግብር ይቀነስልን ብሎ ጮኸ፤ ካሊጉላ ወታደር ልኮ የጮኹትን አስገደለ። ብዙም ሳይቆይ እሱንም የገዛ ጠባቂዎቹ ገደሉት። በ190 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በሮም እህል ጠፋ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ልጆች አንዲት ረጅም ወጣት ተከትለው ወደ ሜዳው ገቡ፤ ጩኸታቸውን ሕዝቡ ተቀበለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ኮሞደስ ገሰገሰ። ኮሞደስ ፈርቶ ሕዝቡ ለእህሉ መጥፋት የወቀሰውን ባለሟሉን ክሊያንደርን ሰጣቸው፣ ከነሕይወቱ ግን አይደለም። ትርዒት ሊያዩ የሄዱት ሰዎች ዳቦውንም የጠየቁት እዚያው ነው።

ደጋፊዎቹን ቅዱስ ላደርጋቸው አልፈልግም። በኋላ ዘመን በቁስጥንጥንያ ሰማያዊዎቹና አረንጓዴዎቹ ይገዳደሉ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ጠባቸውን አይጠላውም። ጭንቁ የመጣው ሲታረቁ ነው። በ532 ሊሰቀሉ ሲሉ መስቀያው ተሰብሮ የተረፉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሰማያዊ አንዱ የአረንጓዴ ደጋፊ፣ ምሕረት እንዲደረግላቸው ሁለቱም ወገን በሜዳው ለመነ። ዮስጢንያኖስ (ወደ አክሱሙ ካሌብ መልእክተኛ የላከው ያው ንጉሥ ነው) ዝም አለ። «ኒካ!»፣ ድል አድርግ፣ እያሉ አብረው ተነሡ፤ ከተማዋ ተቃጠለች፣ ሹማምንት ይሻሩልን ተባለ፣ ሌላ ንጉሥም አነገሡ። ዮስጢንያኖስ ሊሸሽ ሲል ሚስቱ ቴዎድራ አስቀረችው። ጦሩ ሕዝቡን በዚያው በውድድሩ ሜዳ አግኝቶ ፈጀው፤ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ የሞቱትን ከ30 ሺህ በላይ ያደርጋቸዋል።