ማስተካከያ፦ የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያና የአቃቂ ተፋሰስ

ስለ ቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ከጣቢያው የሚወጣው ውኃ ወደ ትልቁ አቃቂ ገብቶ የለገዳዲን የመጠጥ ውኃ ግድብ ሊበክል ይችላል ማለታችን ስሕተት ነበር። ጣቢያው የሚገኘው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ውስጥ ሲሆን፣ ለገዳዲ ግን ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ፣ በትልቁ አቃቂ የላይኛው ተፋሰስ የተሠራ ግድብ ነው፤ ሌላው የመጠጥ ውኃ ግድብ ገፈርሳም ቢሆን በትንሹ አቃቂ ራስጌ ስለሚገኝ፣ ወንዝ ሽቅብ ካልፈሰሰ በቀር የቃሊቲ ፍሳሽ ከሁለቱ ወደ አንዳቸውም አይደርስም። ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው በግርጌ ያሉትን ነው፦ ሁለቱ አቃቂዎች በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ውኃም ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቆቃ ይወርዳል።

የጣቢያው አቅምም ተምታቶብናል። በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ያልነው፣ ፍሳሽን በፀሐይ፣ በአልጌና በባክቴሪያ አማካይነት በዝግታ ያጣሩ የነበሩት የቀድሞዎቹ ኩሬዎች የተነደፉበት መጠን ነው፤ በኋላ የተተካው ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ «አነስተኛ ጣቢያ» ያልነው ለድሮው እንጂ ለአሁኑ አይሠራም።

ወንዙን የሚያቆሽሸው ጣቢያው ብቻ እንደሆነ ያስመሰለው አንቀጻችንም መታረም አለበት። ትንሹ አቃቂ ቃሊቲ ከመድረሱ በፊት የፋብሪካዎችንና ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተያያዙ መኖሪያ ቤቶችን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።