ከንቲባው ሲቀየር የሚፈርስ ክለብ

ስለ ፈረሰው የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ “ክለባችን ይመለስ” የሚለው ነገር ሰሞኑን እንደገና ተነስቷል። ፊርማ እናሰባስብ የሚሉ አሉ። ኮሚቴ ይቋቋምና ከንቲባውን ያነጋግር የሚሉም አሉ። እኔም ክለቡ ቢመለስ ደስ ይለኛል። ከንቲባውን እናነጋግር ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። ክለቡን የገደለው እሱ ነውና። ከንቲባውን ማለቴ አይደለም፤ ማነጋገሩን ነው።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ከጣርማ በር ወዲያ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የሰሜን ሸዋ ከተሞች አንዷ ናት። ደግሞ ታሪኩ የእሷ ብቻ አይደለም። በስሙ ጫፍ ላይ “ከተማ” የሚል ያለበትን ክለብ ሁሉ ብትጠይቁ ተመሳሳይ ነገር ትሰማላችሁ።

ክለቡ ሲጀመር ክለብ አልነበረም። የሰፈር ልጆች ቡድን ነበር። ማልያውን የገዙት የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴዎች ናቸው። ኳሱን አንድ ሆቴል ቤት ሰጠ። ግብ ጠባቂው የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ ተከላካዩ መምህር። አሰልጣኙም የስፖርት መምህር ነበር፤ ደመወዝ የለውም፣ ግን የሚሰድበው ሰው ሞልቶታል። እሁድ እሁድ ሜዳው ዙሪያ መቆሚያ አይገኝም ነበር። ሴቶቹ ቆሎ ይሸጣሉ። ሽማግሌዎቹ ጥላ ይዘው ይቀመጣሉ። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ኳስ ሲያባክን እናቱ ትሰደባለች፤ ጎል ሲያገባ እናቱ ትመረቃለች።

ደስ የሚለው ከደብረ ብርሃን ቡድኖች ጋር የነበረው ፉክክር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። የእኛ ቆለኞች እዚያ ሄደው ሲጫወቱ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ብርዱም አለ። እነሱ ወደ እኛ ሲወርዱ ደግሞ የእኛ ሰዎች ጨዋታውን በግንቦት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ያስይዙላቸዋል። ተንኮል ነው፣ አልክድም። ግን እንዲህ ያለ ተንኮል የሚያስበው ኳሱ የእኔ ነው የሚል ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ቡድኑ ዞኑን አሸነፈ። ክልል ሄደ። ወደ ላይ ማለፍ ሲጀምር ከንቲባው ሜዳ መጡ። እውነቱን ለመናገር ኳስ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ለታይታ ብቻ አልመጡም። ክለቡ በከተማ አስተዳደሩ ስር ሆነ፣ በጀት ተያዘለት፣ ቢሮ ተሰጠው። ሁላችንም አጨበጨብን። ነጋዴዎቹ ግን ከዚያ በኋላ መዋጮ አቆሙ። ለምን ያዋጣሉ? መንግሥት ይዞታል።

በጀት ሲመጣ የቅጥር ተጫዋች መጣ። ፊርማ፣ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የምግብ። አሰልጣኙም ከሌላ ቦታ ተቀጠረ። ከቋሚ አሰላለፉ ውስጥ አንድ ሁለት የከተማዋ ልጅ ቢገኝ ነው። ባለባጃጁ ግብ ጠባቂ መጀመሪያ ተቀያሪ ሆነ፣ ቀጥሎ ወደ ባጃጁ ተመለሰ። ውጤቱ አልከፋም፤ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች አይተናል። ግን ስማቸውን ለምደን ሳንጨርስ ውላቸው ያልቃል፤ በዓመቱ ሌላ ቡድን ይመጣል።

ይህ በትልልቆቹም ቤት ያለ በሽታ ነው። አብዛኛው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የሚኖረው በመንግሥት ወይም በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። የተጫዋች ክፍያ ጣሪያ በመንካቱ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ከጠረጴዛ ስር ይከፈላል የሚባለውን ያልሰማ የኳስ ሰው የለም። ለትምህርት ቤት ወንበር የሚለምን ከተማ በዚህ ገበያ ምን ሊሠራ ነው የገባው?

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ ነው የሚካሄዱት። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ አዲስ አበባ። ለቴሌቪዥን ይመቻል። ክለቦቹም ከዲኤስቲቪ ጋር ከተደረገው የቴሌቪዥን ስምምነት የሚያገኙት ነበር። ያ ገንዘብ ግን የፕሪሚየር ሊጉ ነበር። ከሱ በታች ያለው ሊግም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ተሰብስቦ ሲካሄድ ቆይቷል፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ግን አልተከተለውም። የእኛ ቡድን ሌላ ከተማ ሆቴል ተከራይቶ ሳምንታት ይከርም ነበር። የከተማው ሰው ውጤቱን በስልክ ይሰማል። የትኬት ገቢ የለም፣ የቆሎ ገበያ የለም፣ የሚሰደብ አሰልጣኝ የለም። በስሟ የሚጠራውን ቡድን ሜዳዋ ላይ የማታይ ከተማ ለምን ግብር ትክፈልለት?

ቀጥሎ የሆነውን ማሳጠር ይሻላል። ከንቲባው ተዛወሩ። አዲሱ ከንቲባ ውኃና መንገድ ነው የሚያስቀድሙት፤ እኔ አልፈርድባቸውም። ደመወዝ አንድ ወር ዘገየ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር። ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ። ከፊሎቹ ለፌዴሬሽኑ አመለከቱ። ክለቡ ዕዳውን ሳይከፍል አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ አይችልም ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ምዝገባው አለፈው። መፍረሱን የሚናገር ደብዳቤ እንኳ አልተጻፈም።

“ጦርነቱ ነው ያፈረሰው” የሚል መልስ ይሰጣል። ጦርነቱን ማንም አይክድም። በኅዳር 2014 ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ደርሶ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ኖሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቡድን ጭኖ መጓዝ ከባድ ነው። ግን የእኛዎቹ ተጫዋቾች ሻንጣቸውን ይዘው የሄዱት መንገዱ ሳይዘጋ፣ በሰላሙ ጊዜ ነው። ጦርነቱ የመጣው ባዶ ቢሮ ላይ ነው።

ሌላው መልስ “ስታዲየም የለንም” ነው። ወደ ሰሜን ትንሽ ሄድ በሉ። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ፣ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተጠራ ስታዲየም ተመረቀላት። ሀገር ምድሩ ጉድ አለ። ወልድያ ከተማ በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየሙ እዚያው ነው።

“ፋብሪካ ስፖንሰር ያድርገን” የሚሉም አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ የቢራ ፋብሪካ ሞልቷል፤ ዳሽንም አለ፣ ሐበሻም አለ። ሐበሻ ስፖንሰር ያደረገው የአዲስ አበባውን ኢትዮጵያ ቡናን ነው። ለምን ቢባል፣ ቡና ማልያ ገዝቶ፣ መዋጮ ከፍሎ፣ ዝናብ ላይ የሚጨፍር ደጋፊ አለው። ነጋዴ ገንዘቡን ሰው ወዳለበት ነው የሚወስደው። ዳሽን ደግሞ ጎንደር ላይ የራሱ ክለብ ነበረው። በ2008 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፣ ክለቡም ፈረሰ። ሙገር ሲሚንቶ ስንት ዓመት በትልቁ ሊግ ኖሮ በ2007 ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ አላየነውም። የፋብሪካ ክለብም ሥራ አስኪያጁ ሲሰለቸው ያበቃለታል።

የእኛ ባለሥልጣናት በየመድረኩ “የአበበ ቢቂላ አገር ልጆች” ማለት ይወዳሉ። ልክ ነው፣ አበበ የጃቶ ልጅ ነው። ግን ጃቶ ብቻዋን ለሮም አላበቃችውም። ክቡር ዘበኛ ነበር፣ ኦኒ ኒስካነን የሚባል አሰልጣኝ ነበር፣ በየዓመቱ የሚቀጥል ልምምድ ነበር።

እኔ የምለው ይህ ነው። ክለቡ ይመለስ፤ ግን ትንሽ ሆኖ ይመለስ። እንደ እድር ይደራጅ። አባል ይመዝገብ፣ በወር 20 ብርም ትሁን 50 ብር ይክፈል፣ ሰብሳቢውን ራሱ ይምረጥ፣ ሒሳቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ይነበብ። በከተማችን ከደርግ በፊት የተቋቋሙ እድሮች አሉ። ስንት ከንቲባ አሳልፈዋል፤ አንዳቸውም በጀት አልጠየቁም። ከንቲባው ከፈለጉ እንደማንኛውም ሰው አባል ይሁኑ፤ መዋጮ ካሳለፉ ይቀጡ።

ቡድኑም ከ17 ዓመት በታች ባሉ የከተማዋ ልጆች ይጀምር። ፊርማ የሚባል ነገር አይኑር። ታኬታ፣ ኳስ፣ ከልምምድ በኋላ ዳቦና ሻይ፤ ይሄው ነው ወጪው። ለጥቂት ዓመታት ከዞን ውድድር በላይ አይመኝ። “ታዲያ መቼ ነው ፕሪሚየር ሊግ የምንገባው?” ያለኝ ወጣት አለ። አንገባም ይሆናል። እሁድ ከሰዓት ሜዳው ከሞላ እኔ ይበቃኛል። አንድ ልጅ ከዚያ ወጥቶ ትልቅ ክለብ ቢገባ ደግሞ ደስታውን አብረን እናየዋለን።

ሜዳውስ አለ ወይ? አለ፣ ለጊዜው። ግማሹ ላይ ከብት ይሰማራል። ዳር ዳሩን ለንግድ ቦታ የሚመኙት እንዳሉ ይወራል። የሚጫወትበት ቡድን ከሌለ ነገ ካርታ ይወጣበታል፤ ያኔ ስለ ክለብ ማውራቱም ያበቃል። ስለዚህ አባል ምዝገባው ከኮሚቴ ስብሰባ ይቅደም።

አንድ ነገር ግን ለከንቲባው መቅረቡ አይቀርም። ያልተከፈለው ደመወዝ። የከተማ አስተዳደሩ የፈረመው ውል ነው፤ እድሩ ሊሸከመው አይገባም። አንዳንዶች “በአዲስ ስም ከተቋቋመ የድሮው ዕዳ አይመለከተንም” ሲሉ ሰምቻለሁ። ያሳፍራል። በከተማችን ስም ሮጠው፣ ተጎድተው፣ ለትራንስፖርት ተበድረው ወደየቤታቸው የሄዱ ልጆች አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ስማቸውንና የቀረባቸውን ገንዘብ ዘርዝሮ ያውጣ። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ሲጀምር መጀመሪያ እነሱ ይከፈሉ።