ጎደሎውን ቅጂ ግዙት

አንድ ነጋዴ ካርታና ሥዕል ያለበት የጥንት የጉዞ መጽሐፍ እጁ ሲገባ ሁለት ሒሳብ ይሠራል፦ እንዳለ ቢሸጠው ስንት ያወጣል፣ ካርታዎቹንና ሥዕሎቹን ነቅሎ በነጠላ ቢቸረችራቸውስ? ሁለተኛው ከበለጠ መጽሐፉ አለቀለት። ካርታው በመስታወት ተከቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ተጓዡ ያን አገር እንዴት እንዳቋረጠ የሚተርከው ጽሑፍ የትም ይጣላል።

የመጀመሪያ እትም ሰብሳቢዎች ለዚህ ጥፋት ነጋዴውንና የግድግዳ ጌጥ ፈላጊውን ይወቅሳሉ። እኔ ግን ቢላዋውን የምናቀብለው እኛው ሰብሳቢዎቹ ነን ባይ ነኝ። እንከን የለሽ ካልሆነ አንነካም ስለምንል፣ አንድ ሥዕል የጎደለው መጽሐፍ ዋጋው ያሽቆለቁላል። የቀሩት ሥዕሎች ግን በነጠላ ሲሸጡ ከዋጋቸው አይጎድልም። ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ?

የስኮትላንዳዊውን ተጓዥ የጄምስ ብሩስን መጽሐፍ እንውሰድ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ያደረገውን ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤዲንብራ በ5 ዳጎስ ያሉ ጥራዞች አሳተመ። ሕይወት ካላት ላም ላይ ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ መሳለቂያ አደረገው፤ ጉዞውን ራሱን የተጠራጠሩም ነበሩ። ለንባብ ከሆነ፣ እሱ ከሞተ በኋላ አሌክሳንደር መሬይ የተባለ ምሁር አርሞና የሕይወት ታሪኩን ጨምሮ ያወጣው ሁለተኛ እትም ይሻላል። በመጀመሪያው ግን ተጠራጣሪዎቹን የሚገጥመው ሰውየው ራሱ ነው፤ ታጣፊ ካርታዎቹም ምስክሮቹ ናቸው። እነሱን መንቀል ከክስ መዝገብ ላይ ማስረጃውን እንደ መገንጠል ነው።

የፈጠራ ጀብዱም ከዚህ አያመልጥም። የጉሊቨር ጉዞዎች እ.ኤ.አ. በ1726 ሲወጣ የደራሲውን የጆናታን ስዊፍትን ስም ደብቆ፣ የሌሉ አገሮችን ካርታ ይዞ፣ ልክ የእውነተኛ ተጓዥ መጽሐፍ መስሎ ነበር። ካርታው ሲነቀል ቀልዱም አብሮ ይሄዳል። (በነገራችን ላይ የለንደኑ አሳታሚ መከሰስን ፈርቶ ጽሑፉን ስለነካካው፣ ደራሲው ወደጻፈው ይቀርባል ተብሎ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ የ1735ቱ የደብሊን እትም ነው።)

የሚገርመው፣ ስንፈልግ ጉድፍም መውደድ እናውቅበታለን። የዋልታ አሳሹ የሻክልተን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1908 አንታርክቲካ ላይ በጎጆው ውስጥ ያተመው «አውሮራ አውስትራሊስ» የተባለ መጽሐፍ ሽፋኑ የስንቅ ሣጥን ሳንቃ ነው፤ በአንዳንዱ ቅጂ ላይ ሣጥኑ ይዞት የነበረው ምግብ ስም እስካሁን ይነበባል። ሰብሳቢ ለዚያ ጽሑፍ ይሻማል። ይኸው ሰብሳቢ አፍሪካን ያሰሰውን የሊቪንግስተንን የ1857 የጉዞ መጽሐፍ ካርታው እጥፋቱ ላይ ስለተተረተረ አልፈልግም ይላል! ካርታ እጥፋቱ ላይ የሚተረተረው እኮ ሰው እየዘረጋ ስላየው ነው። ደግሞም ባለሙያ በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይጠግነዋል።

ሁሉንም ጉድለት ታገሡ አልልም። ሻጋታ የያዘውን ከሌሎች መጻሕፍት አጠገብ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ኖሮት ከመዝገብ መሰረዙን የሚያሳይ ምልክት የሌለው ቅጂ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የምጠላው ግን ከሁለት ጎደሎ የተሠራውን «ሙሉ» ቅጂ ነው፤ አንዱን ለማሟላት ሌላው ታርዷል። ስለዚህ ሥዕሎቹን መጽሐፉ ውስጥ ካለው ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። መጠኑ ወይም ቀለሙ ከጎረቤቶቹ የሚለይ የወረቀት ቅጠል ካገኛችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ የጎደለውንም ሻጩ በጽሑፍ ይግለጽላችሁ።

ጎደሎ ቅጂ መልሰን ብንሸጥ ገዢ አይገኝም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይቸግራል። ለትርፍ የሚሰበስብ ሰው እንከን የለሹን ይፈልግ። ለማንበብ የሚገዛው ግን በአንድ ሙሉ ቅጂ ዋጋ ከአንድ በላይ ጎደሎ ስለሚያገኝ፣ የሚከስረው ነገር አይታየኝም።