ይድረስ ለክቡር ቶንሲል፣ የጉሮሮ በር ጥበቃ

ጉዳዩ፦ "አቤት" ማለት ስለመከልከል

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ባለፈው ማክሰኞ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ቋሚ ደንበኛዎ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የካርድ ክፍል መስኮት ሥር ተሰልፎ ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ስሙ ተጠራ። መስኮቱ ስም የሚጠራው አንዴ ነው፤ ያውቁታል። ደንበኛዎ "አቤት" ሊል አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ትኩስ ድንች የጎረሰ ሰው ድምፅ ሆነ። (ማንቁርት ቢሆን ድምፁን ያሻክረው ነበር እንጂ እንዲህ አያፍነውም፤ ወደ ሌላ አያላክኩ።) እጁን ቢያወጣ "እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም፣ አቤት በል!" ተባለ። ሰልፉ ሳቀ። ካርዱ ከክምሩ ሥር ገባ። አንዲት እናት አዝነው "እርዱት እንጂ፣ መናገር አይችልም መሰል" ቢሉ ሰልፉ ደግሞ ሳቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለሙያው ምላሱን በእንጨት ተጭኖ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ጎንበስ ሲል፣ ከአንዱ ጉድጓድዎ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቢጫ ጠጠር ብቅ አለች፦ የምግብ ትራፊ፣ የሞተ ሕዋስና ባክቴሪያ አብረው የደረቁባት። ባለሙያው ሽታዋን አክብሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

በየጎንዎ ከ10 እስከ 30 ጉድጓድ የተሰጠዎት ለመጋዘን አልነበረም። ሥራዎ አላፊ አግዳሚውን ጀርም በጉድጓዱ ስስ ግድግዳ አስገብቶ መመርመር፣ ቢ ሴል ለሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት አሳይቶ አንቲቦዲ (ጀርሙን ለይቶ የሚይዝ መከላከያ) ማሠራት ነው። እርስዎ ግን ሌባውን ለምርመራ አስገብተው አልጋ አነጠፉለት። ባክቴሪያዎቹ ዝልግልግ ሽፋን ለብሰው እዚያው ይተኛሉ፤ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይደርስባቸውም፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይነሳሉ። ጉሮሮ የሚያሳምመው ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶኮከስማ፣ ከ200 በላይ ዓይነት መታወቂያ አለው፤ አንዱን ሲመዘግቡ በሌላው ይገባል።

ባልደረቦችዎን አይተው ይማሩ። የአፍንጫ ጥቃቅን ፀጉሮች ንፍጡን በደቂቃ ወደ 5 ሚሊ ሜትር እየገፉ ጀርሙን ወደ ሆድ ይሸኙታል፤ የማገዶ ጭስ እስኪያደክማቸው። ምራቅ ላይሶዛይም በሚባል ኢንዛይሙ የባክቴሪያ ግድግዳ ያፈርሳል። እርስዎ? ጣና ዳር ቆሮሶ ዓሣ በተበላ ቁጥር አጥንቱን ይቀበላሉ።

አንቱታው እዚህ ላይ ይቅር። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። አንተ ግን ልጁን አስተኝተህ እናቱን በየመድኃኒት ቤቱ ታዞራለህ፤ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ይዛ ትመለሳለች። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ ደግሞ የሚወሰደው 10 ቀን ሙሉ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ቀለል ሲለው ይቆማል። ከሳምንታት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፤ ለስትሬፕቶኮከስ የተሠራው አንቲቦዲ የልጁን የልብ ቫልቭ ይመታል። ከዚያ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ለዓመታት። እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እሱ ዳር ቆሞ ያያል! እንጥልስ ምን አደረገች? ያበጥከው አንተ፣ ምላጭ የሚያርፈው እሷ ላይ! ትቆረጣለች፣ ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ይመረዛል፤ አንተ ግራና ቀኝ ተጎልተህ ትቀራለህ።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። የስንብት መመሪያው እንዲህ ይላል፦ በ1 ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ለ2 ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ለ3 ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ የታመመ ሰው በቀዶ ሕክምና ሊያሰናብትዎት ይችላል። ግን እያንዳንዱ ሕመም ከምልክቱ ጋር (ከ38.3 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ትኩሳት፣ ያበጠ የአንገት ንፍፊት ወይም ነጭ መግል) ካርድ ላይ መጻፍ አለበት። እንዲጻፍ ካርዱ መውጣት አለበት። ካርዱ እንዲወጣ ደግሞ "አቤት" ማለት ያስፈልጋል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍል
ለእንጥል (ገና ካልተቆረጠች)