ደሴዎች፣ መዶሻውን አስቀምጡት

ደሴዎች፣ ዛሬ ብትቆጡኝም ግድ የለኝም። እኔም ተቆጥቻለሁ።

ሰሞኑን ሸዋ በር አካባቢ ከደላንታ የመጣ ግንድ ሲፈነክቱ አየሁ። ድንጋይ የሆነ ግንድ ነው። ከአይሱዙ ላይ ሁለት ጎረምሳ እያቃሰተ አወረደው። ቅርፊቱ እንዳለ ነው፣ ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ ሳይቀር ይታያል። ባለቤቱ ሆዱ ውስጥ ኦፓል፣ ያ የከበረ ድንጋይ፣ አይጠፋም ብሎ መዶሻ አነሳ። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዛፍ ነው!» ቢል «እንግዲያው ለምጣድ ይሆነናል» አሉና ከቦ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ኧረ ቆዩ፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው ብል «አንተ ትገዛዋለህ?» አሉኝ። ፈነከቱት። ኦፓል የለም። ስብርባሪውን በአካፋ ዝቀው መንገዱ ላይ ጭቃ መድፈኛ አደረጉት።

ያ ዛፍ እኮ የወሎን ተራሮች የሠራው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የነበረ ነው፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ! አመድ ቀበረው፣ ከዚያ ሲሊካ የሚባለውን የአሸዋ ማዕድን ያዘለ ውሃ ቀስ እያለ ሰርጎ የእንጨቱን ቦታ ያዘ፣ እንጨቱ ሄዶ መልኩ ቀረ። ኦፓሉንም የሚሠራው ያው ሲሊካ ነው። ባለሙያ ስስ አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢያየው የምን ዛፍ እንደነበር ይነግረን ነበር።

ሰውየው ላይ አልፈርድም፣ ገንዘብ አውጥቶ ነው የገዛው፣ ባዶ መሆኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔን ያንገበገበኝ ሳቃችን ነው። በ2014 ሙዚየማችን ሲዘረፍ ስንት አለቀስን፣ ስንቱን ረገምን! አሁንስ ማንን እንርገም? ድንቅነሽ በ1967 ስትገኝ ሐዳር በወሎ ሥር ነበር እያልን ደረት መንፋቱንስ ማን ብሎን?

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ያሳውቅ ይላል። ማን አነበበው?

ወገኔ፣ ኦፓላችሁን ሽጡ፣ አብሽሩ፣ እንጀራ ነው። ግን ቅርፊት ያለው፣ ቅጠል ወይም አጥንት የታተመበት ድንጋይ ስታገኙ መዶሻውን አስቀምጡና ፎቶ አንሱት፣ ከየትኛው ገደል እንደወጣ ጻፉ፣ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቁ። ነገ ተመለሱ ይሏችሁ ይሆናል። እሺ ብላችሁ ተመለሱ።