ታክሲ ሰልፍ ላይ ጥሎኝ የሄደው ዘፋኝ

ወገን፣ ቅዳሜ ማታ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩተው አመሰገኑኝ። ብሶቴ ከዚህ ይጀምራል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ግድግዳው ስስ ከመሆኑ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንባባላለን። ሴትየዋ ግድግዳዬን መደብደብ ከጀመሩ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ጊታር ከተሰማ ዱም ዱም ነው። «አንተ ልጅ፣ ይሄን የሰይጣን ጩኸት ቀንስልን!» ተለማምደናል። እሳቸው ይደበድባሉ፣ እኔ እቀንሳለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ ከፍ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ግን ቡና በስኒ ይዘው መጡ። «ዛሬስ ደግ ነገር ከፈትክ ልጄ። ልብ ገዛህ መሰለኝ» አሉኝ።

የከፈትኩት አርክቲክ መንኪስን ነበር።

ለማታውቋቸው፣ ከሼፊልድ የወጡ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ናቸው። በ2006 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የመጀመሪያ አልበማቸው በአንድ ሳምንት ከ360 ሺህ ኮፒ በላይ እዚያው አገራቸው ተሸጠ። ዘፋኙ አሌክስ ተርነር ያኔ 20 ዓመቱ ነው። ያደገው እንደኔ ከተማ ዳር ነው፣ ሃይ ግሪን የሚባል ሰፈር። ስለ ምን እንደሚዘፍን ታውቃላችሁ? ስለ ጭፈራ ቤት በር ጠባቂ። ማታ ላይ ስድስት ሆነው አንድ ታክሲ ውስጥ ለመግባት ስለሚለማመጡ ልጆች። ትርፍ እኮ ነው! ይሄ ሰው ቱሉ ዲምቱ ነው እንዴ የሚኖረው?

እኔ ያንን አልበም የጨረስኩት ሰልፍ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ብርድ፣ ጫማዬ ላይ ጭቃ። አንድ ሚኒባስ ይመጣል። ሰልፉ ይነቃነቃል። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «እስከ ቃሊቲ ብቻ!» ይላል። የምሄደው ሳሪስ ነው። ቆርጦ መጫኑ ነዋ፣ ሁለቴ ሊያስከፍለን። በዚያች ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ያ ከበሮ ባይኖር ኖሮ ሰው እደበድብ ነበር።

በ2013 ዘገም አሉ፣ ፀጉራቸውን ቅባት ቀቡ። ይሁን፣ እሱንም ወደድኩት። ከዚያ ሰውየው 30 ዓመት ሲሞላው ማናጀሩ ፒያኖ ሰጠው። ምን አለ ሸሚዝ ቢሰጠው!

አምስት ዓመት ጠብቄ፣ በ2018፣ ሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ አዲሱን አልበማቸውን አወረድኩት። ጠዋት ሰልፍ ላይ ከፈትኩት። ፒያኖ። አሁን ጊታሩ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለተኛው ዘፈን፣ ሦስተኛው። ታክሲው እንኳን መጣ፣ ጊታሩ ግን እንጃ። የሚዘፍነው ጨረቃ ላይ ስላለ ሆቴል ነው። ጨረቃ! እኔ ሳሪስ መድረስ አቅቶኛል። በ2022 ደግሞ ጭራሽ የቫዮሊን መዓት ጨመረበት።

ጓደኛዬ «አድጓል በቃ» ይለኛል። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላንም በ1965 ኤሌክትሪክ ጊታር ስላነሳ ተሰድቧል፣ በዓመቱ ማንቸስተር ላይ አንዱ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኾበታል፣ አንተም ያ ሰውዬ ነህ አለኝ። ኧረ ተወኝ! ዲላን የተሰደበው ጩኸት ጨምሮ ነው፣ የኔው ቀንሶ። ያ ሰውዬስ ቢያንስ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነው የጮኸው። እኔ ለማን ልጩህ፣ ለተራ አስከባሪው?

እርግጥ ሰውየው ታክሲ መለማመጥ ካቆመ ስንት ዘመኑ ነው። ዛሬም ስለ ትርፍ ቢዘፍን ውሸታም ብዬ የምሰድበው እኔው ነኝ። ይገባኛል። ግን እኔ እኮ አሁንም እዚያው ሰልፍ ላይ ነኝ። ወጣሁ ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

እሁድ ስኒውን ልመልስ ስሄድ «ያንን ዘፈን በስልኬ ላክልኝ» አሉኝ። ላክሁላቸው።

ዛሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በግድግዳው በኩል ፒያኖ ይሰማኛል። ለቀውታል። ደብድብ ደብድብ እያለኝ ነው።