ክዳኗ የተከፈተ መኪና

ጅማ ውስጥ የታመመ ሰው ጠያቂ ሊያጣ ይችላል። ክዳኗ የተከፈተ መኪና ግን አታጣም። በሽተኛ ለመጠየቅ ብርቱካን መግዛት አለ፣ ሰዓት መምረጥ አለ፣ በር ላይ ቆሞ «እንቅልፍ ላይ ነው እንዴ?» ብሎ ማንሾካሾክ አለ። ለመኪና ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ከውስጥ የብረት ኳኳታ ከተሰማ በቂ ነው፤ መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ ይገባል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ከዚያም በሐዘኔታ «እስካሁን አልተነሳችም?» ይላል። የሚቀጥለው ቃሉ ምርመራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት ማዘዝ ነው። እጁ ግን እንደተጣመረ ነው።

በእኛ ሰፈር የምትጠየቀው የመምህር ቮልስ ናት። ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ እድር ይመራል፣ ወይ ቀፎ ሰቅሎ ንብ ያንባል፤ እሳቸው ግን ከአንድ የቡና ነጋዴ ሐጂ ግቢ፣ ለዓመታት ጀንፈል ሲጠራቀምባት የኖረች ቮልስዋገን ገዝተው በሰፈር ልጆች አስገፍተው አመጡ። ሐጂ ቁልፉን ሲያስረክቡ «ሞተሯ እንኳ ደህና ነው መምህር፤ ቆማ ነው እንጂ ምንም አልሆነችም» አሏቸው። በዚህ አገር አሮጌ መኪና የሸጠ ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ብሏል፤ ከሊብሬው ጋር አብሮ የሚተላለፍ ሳይሆን አይቀርም። መምህር የፊቱን ክዳን ሲከፍቱ ብዙ የቡና ገለባ፣ አንድ የአይጥ ቤተሰብና ሐጂ ጠፋብኝ ሲሉት የኖሩት ነጠላ ጫማ ተገኘ። የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን የማያውቅ አንድ ጎረቤት «ሞተሩንም አይጥ በልቶት!» ብሎ ጮኸ ይባላል። ይህች ቀልድ ከመኪናዋ ታረጃለች፤ እኔ አላምናትም።

ጀርመኖች፣ ማለትም የመኪናዋ ወላጆች፣ 30 ዓመት ለሞላትና ይዞታዋ ላልተበላሸ መኪና ቅርስነቷን የሚመሰክር «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ታርጋ ይሰጣሉ። ባለቤቱም ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን ከውስጥ ቆልፎ ብቻውን ሲፈታና ሲገጥም ይውላል፤ ይህም መዝናኛ ይባላል። እኛ ዘንድ 30 ዓመት የሞላት መኪና ገና ሥራ ላይ ያለች ጎልማሳ ናት። ቆልፎ መሥራት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። መምህር አንድ ጊዜ ዝናቡን ፈርተው በሩን ቢዘጉት ማታውኑ «ምን ነካቸው? መርዶ መጣባቸው እንዴ?» እያለ ሰው ይመላለስ ጀመር። በማግስቱ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም።

በገንዘቡ በኩል የሚያማቸው አልነበረም። እንዲያውም የሚመቀኛቸው በዛ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ለሚያስገባ ሰው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ቆረጠለት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ በኋላ በየጓሮው ሣር የበቀለባት መኪና ሁሉ እሷ ቆማ ዋጋዋ መሮጥ ጀመረ። የመምህር ቮልስ ከተገዛች ወዲህ አንድ ክንድ አልተንቀሳቀሰችም፤ የሰፈሩ ግምት ግን ከላዳ ተነስቶ፣ ዲኤክስን አልፎ፣ ቪትዝ ደጃፍ ደርሷል። በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ አንድ ጎረቤት ሊያጽናናቸው ብሎ «መብራት ሲጠፋ የእኔም እንደ እርስዎ ትቆማለች» ቢላቸው መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፣ የአንተ በምክንያት ነው የምትቆመው። የእኔ ምክንያቷ አልተገኘም።»

ከጠያቂዎቹ ሁሉ ታማኙ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ነው። ከጋሪ እስከ መኪና አንድም ነገር ነድቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሐሳቡ ነጻ ነው። በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ ቁጢጥ አለና «ራዲያተሩን እዩት» አለ። መምህር ዕድሜያቸውን በማስተማር የጨረሱ ሰው ናቸውና በትዕግሥት አስረዱት። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ቺንጋው ማራገቢያውን ያዞራል፣ ማራገቢያው ነፋሱን በአራቱ ሲሊንደሮች ላይ ይነዛል፤ ውሃ የለም፣ ራዲያተርም የለም። ባለሱቁ ራሱን እየነቀነቀ በጥሞና ሰማ። በማግስቱ ሲመጣ «ታዲያ ውሃ ጨመራችሁባት?» አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ነገሩን ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ማደሩ ከፊቱ እየታወቀ መጣና «ራዲያተር ከሌላት ተሰርቋል ማለት ነው፤ ሐጂን ጠይቋቸው» አለ።

ጋሼ ሾፌር የምንላቸው ጡረተኛ ደግሞ ዘመናቸውን በኤንትሬ የጭነት መኪና ቡና ጭነው ጊቤ በረሃን ሲወርዱና ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ለእሳቸው ከአምስት ቶን በታች የሆነ ነገር መኪና አይባልም። ሆኖም ከመምህር ግቢ አይጠፉም። በርጩማቸውን ስበው ይቀመጡና «አየር ገብቶባታል፤ የናፍጣ መስመሩን አስተንፍሱላት» ይላሉ። ቮልስ በቤንዚን እንደምትሠራ ሲነገራቸው «ታዲያ ችግሩ እሱ ነዋ!» ብለው ቆጣ ይላሉ።

የሚያሳዝነኝ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነው። ምህንድስና ይማራል፤ ከስልኩ እያነበበ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነው። ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉት በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ተራ መሆኑን፣ በድሮዎቹ ሞተሮች ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ አብልጦ የሚግለው የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚጋርድበት መሆኑን፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተች የምትዘጋዋ ትንሽ ብረት ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ሊሆን እንደሚገባ አስረዳ። ሰው ሁሉ በዝምታ ሰማው። ዝምታው የአክብሮት መስሎት ቀጠለ። በመጨረሻ ጋሼ ሾፌር «ልጄ፣ የስልክህን ባትሪ ቆጥብ» አሉት፤ ወሬውም ወደ ናፍጣው መስመር ተመለሰ። እኛ ዘንድ ምክር የሚመዘነው በመካሪው ሽበት ነው፤ ልጁ ትክክል መሆኑ እንዲያውም እንደ ድፍረት ተቆጠረበት።

እሑድ እሑድ የሚመጣው ጠያቂ ደግሞ የሚጨነቀው ለሞተሯ ሳይሆን ለታሪኳ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ይህ ጠያቂ ግን የትኛዋ ቮልስ እንደሆነች ጭምር ያውቃል፤ ይህችው ናት። ማስረጃ ሲጠየቅ የኋላውን በር እጀታ ፍለጋ ይዞርና፣ ቮልስ የኋላ በር እንደሌላት ሲያይ «ለዚህ እኮ ነው ወንበሩን አጥፈው ያስገቧቸው!» ይላል። ፋብሪካው ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ሠርቶ የመጨረሻዋን በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ አወጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከቀሩት መካከል ግን ንጉሡን ያልጫነች ቮልስ እስካሁን አልገጠመችኝም። መምህር ያስተማሩት ታሪክ ነው፤ ነገሩን አይክዱም፣ አያምኑምም። የኋላውን ወንበር ብቻ ከበፊቱ በበለጠ ጥንቃቄ ያብሱት ጀመር።

ከዚያ ወንበር ሥር ግን ጉድ ነበረ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ አሲዱ ከላይ ሲንጠባጠብ፣ የጅማ ዝናብ ከታች ሲያግዘው፣ ወለሉ ተበልቶ አልቆ መሬቱ ይታያል። በያጁ ከአሮጌ በርሜል ላሜራ ቆርጦ ደፈነው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ብቻ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን ባነሳ ቁጥር «ከእሳት አርቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያነባል። ስለ ዕቃ ፍለጋው ብዙ አልልም። የግራ ፓራፋንጎ ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ይታዘዛል፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይመጣል፣ ሲፈታ የቀኝ ነው። ጠያቂዎቹም በአንድ ድምፅ «ገልብጣችሁ ግጠሙት» ይላሉ።

የጥየቃው ዋና ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ጫቱ ይዘረጋል። እስከ ዐሥር ሰዓት ወሬው ስለ ሕመሟ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሕመሟ ይረሳል፤ ሞተሯ ወርዶ ታድሷል፣ ስቱኮዋ ተለስኖ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል፣ ሰማያዊ ተቀብታ ፓራውልቷ ያብረቀርቃል። ትንሽ ቆይቶ ለሙሽራ ትከራያለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመምህር ግቢ የጥንታዊ መኪኖች ሙዚየም ሆኗል፤ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚመለስ ጎብኚ ሁሉ እዚህ ጎራ ይላል፣ ባለሱቁ ትኬት ቆራጭ ነው፣ ጋሼ ሾፌር አስጎብኚ። አንድ ቀን በትርፍ ክፍፍሉ ተጣልተው ሽማግሌ ገብቶ ነው ያስታረቃቸው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ጸጥ ብሎ ይበተናል፤ ቮልሷም አንድ ጎማዋ ወልቆ፣ ክሪኩ ቢከዳ መተማመኛ እንዲሆን የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሥሯ ገብቶላት፣ ባለችበት ታድራለች።

ጠያቂ እንግዲህ ባዶ አፉን አይሸኝም። የዚህን ሒሳብ የሚያውቁት የመምህር ባለቤት ብቻ ናቸው። «ጅማ ተቀምጬ ቡና ልገዛ ነው!» አሉ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ሰው ሁሉ ሰማ፤ ቶናውንም ጠጣ። የወጥ ቤት ዕቃቸው አንድ በአንድ ወደ መኪናዋ ተሰዷል። ማጥለያው ቤንዚን ያጣራል፣ የቆሎው ትሪ ቡሎንና ዳዶ ይዟል፣ ካርቦሬተሩ የተዘፈዘፈው በዓል ሲሆን ብቻ በሚወጣው ድስት ውስጥ ነው። እሳቸው መኪናዋን በስሟ አይጠሩም፤ «እሷ» ይሏታል። ሆኖም መምህር «13 ቁልፍ የት ገባ?» ብለው ሲዞሩ ከማድ ቤት ሆነው «ከፊት ጎማው ሥር» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ምክር በዚያ ግቢ ሞልቶ ይፈሳል። የሚጎድለው ጉልበት ነው። «እስቲ ገፋ ገፋ አድርገን እንሞክራት» የተባለ ዕለት ወገቡን የማያመው ሰው አይገኝም፤ ሰላትና ቅዳሴም ድንገት አብረው ይደርሳሉ። የሚገፉት ሁልጊዜ አንድም ምክር ሰጥተው የማያውቁት የባጃጅ ልጆች ናቸው።

እናም አንድ ሐሙስ፣ የከተማው ግማሽ ገበያ በወጣበት ቀን፣ ተነሳች። በዚያ ጠዋት የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው። ተማሪው የክብሪት ሳጥን ወረቀት ቀድዶ የዲስትሪቢዩተሩን ክፍተት ለክቷል። መምህር ካርቦሬተሩን ከድስቱ አውጥተው፣ ጠርገው፣ ቀዳዳዎቹን በአፋቸው ነፍተው ገጥመዋል። የባጃጅ ልጆች የተሞላ ባትሪ አምጥተዋል። ሐጂ በመንገድ ሲያልፉ ገብተው ዱዓ አድርገዋል። ጋሼ ሾፌር የኋላ ጎማዋን በእግራቸው መትተዋል። ባለሱቁ አንድ ጆግ ውሃ ይዞ ተጠግቶ ቆሟል። ሞተሪኖው አቃሰተ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አቃሰተ፤ ከዚያ ግቢው በጭስ ተሞላና ዶሮዎቹ አጥሩን ዘለሉ።

ጭሱ ሳይጠራ ክርክሩ ተነሳ። ጋሼ ሾፌር ምቱ የትኛው ቦታ ላይ እንዳረፈ በጣታቸው ያሳያሉ። ሐጂ «መጀመሪያም ሞተሯ ደህና ነው ብዬ ነበር» ይላሉ። ተማሪው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ሰዎቹን አየና ዘጋው። ባለሱቁ ደግሞ ውሃው ባይነካትም አጠገቧ መኖሩ እንዳበረታት ያምናል። ማንም ያላመሰገነው የክብሪት ሳጥኑን ነው።

ጅማ ውስጥ መኪና ተሠራች የሚባለው የጅሬንን ዳገት ስትወጣ ነው፤ ቢያንስ ጋሼ ሾፌር እንዲህ ደንግገዋል። መምህር መሪውን ያዙ፣ ሐጂ በክብር ከፊት ተቀመጡ፣ ከኋላ ጋሼ ሾፌር፣ ተማሪውና ባለሱቁ ከነጆጉ ተጠቀጠቁ። አንድ ልጅ በመስኮት አጮልቆ «ቦሎዋ ታድሷል?» ብሎ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም። የመምህር ባለቤት ድስታቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመው ሸኟቸው።

ቮልሷ የዳገቱን እኩሌታ በደንብ ወጣች። ከዚያ ፈዘዘች፣ ተንገጫገጨች፣ ቆመች። መምህር ወርደው የኋላውን ክዳን ከፈቱ። ከየአጥሩ ሰው ብቅ አለ፤ ገሚሱ ጃንጥላ ይዞ፣ ገሚሱ ልጅ አዝሎ። ከመሐላቸው አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ቀረብ ብሎ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ፣ «ራዲያተሩን እዩት» አለ።

ባለሱቁ ጆጉን እንደያዘ ከኋላ ወንበር በመከራ ወጣና ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ወንድሜ» አለ፣ በትልቅ ሐዘኔታ፣ «ቮልስ እኮ ራዲያተር የላትም። በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። ቺንጋው ማራገቢያውን ያዞራል፣ ማራገቢያው ነፋሱን በአራቱ ሲሊንደሮች ላይ ይነዛል። ሦስተኛው ትንሽ ይግላል፤ እሱ የታወቀ ነው።»

ተማሪው ከመኪናው ውስጥ ሆኖ አፉን ያዘ።

ባለ ኮፍያው ሰውዬ ትምህርቱን ዋጥ አድርጎ ጆጉን ተመለከተ። «ታዲያ ውሃው ለምንድን ነው?»

«ለሐጂ ነው» አለ ባለሱቁ። «ለውዱእ።»